ካንሳስ ሲቲ የተወለደው አቢሲኒያዊ

ሆሳዕና ያደገ የእኔ ዕድሜ ወንድ ሁሉ ካማላን ያውቀዋል። ፊቱ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ደረቱ ላይ ኮከብ፣ ሆዱ ላይ ጨረቃ የተሳለበት፣ ሽርጥ አገልድሞ በባዶ እግሩ የሚሄድ፣ አንድ ቃል የማይተነፍስ፣ ሆዱን በሁለት መዳፉ እየደለቀ የሚያጓራ ግዙፍ ጥቁር ሰው ነው። ያየነው በቪዲዮ ቤት ነው። ቪዲዮ ቤቷ በጭቃ የተመረገች አንድ ክፍል ነበረች፤ መስኮቷ በማዳበሪያ ከረጢት የተጋረደ፣ ወንበሮቿ ድንጋይ ላይ የተጋደሙ ጣውላዎች። ሃምሳ ሳንቲም ከፍሎ የገባ ሰው፣ መብራት ካልጠፋ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሬስሊንግ ሲያይ ያመሻል። መብራት ከጠፋ ባለቤቱ ገንዘብ አይመልስም፤ እኛም ሳንጮህ አንወጣም።

ካማላ የሚተዋወቀው ከዩጋንዳ ጫካ የመጣ አውሬ ሰው ተብሎ ነበር። አመንን። እንግሊዝኛ ይገባኛል የሚል አንድ ጎረምሳ ከፊት ተቀምጦ ይተረጉምልን ነበር፤ በእሱ ትርጉም ካማላ ሰው በልቶ ያውቃል። ዩጋንዳ የት እንደሆነች ሲጠየቅ "ከኬንያ ትንሽ አለፍ ብሎ" ይላል፤ ይህኛው እንኳ ልክ ነበር። ከመካከላችን ሰውነቱ ሞላ ያለውን ልጅ ካማላ አልነው። ስሙ ተጣበቀበት። በኋላ በኋላ እናቱ ራሳቸው ከጓሮ እንሰት ሲፍቁ ሲፈልጉት "ያ ካማላ የት ሄደ?" ይሉ ነበር።

እውነተኛው ካማላ ጄምስ ሃሪስ ይባላል። በ1950 ሚሲሲፒ ውስጥ ሴናቶቢያ በምትባል ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወደ ትግል ከመግባቱ በፊት የጭነት መኪና ነድቷል። በ1982 ሜምፊስ ላይ ሁለት የትግል አዘጋጆች ቀለሙን፣ ሽርጡንና ዩጋንዳን አለበሱት። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው፤ መድረክ ላይ ዝም የሚለው ዝም እንዲል ስለሚከፈለው ነበር።

ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ስለ እሱ ሳገላብጥ ግን ከካማላ ስድሳ ዓመት ግድም ቀድሞ የነበረ፣ እንደ እሱ አሜሪካዊ የሆነ፣ እንደ እሱ አፍሪካን ለብሶ የታገለ ሌላ ሰው አገኘሁ። ያኛው የለበሰው ዩጋንዳን አልነበረም። እኛን ነበር።

ሬጂናልድ ቤሪ በ1899 መጨረሻ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ተወለደ። ትግል የጀመረው በ1923 ሲሆን የመድረክ ስሙ ሬጂናልድ ሲኪ፣ የመድረክ አገሩ አቢሲኒያ ነበር። በ1930ዎቹ ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ ከተሞች ስም ያተረፈ ታጋይ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ያልተሰጠውን ቦታ እዚያ አገኘ። ስለ ጥቁር አሜሪካዊ ታጋዮች ሲጻፍ ስሙ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ይነሳል፤ ስሙን በተከራየባት አገር ግን የሚያውቀው ሰው አላገኘሁም። የሆሳዕና የስፖርት ወዳጆችን፣ ዱራሜ ላይ የሀምበሪቾ እግር ኳስ ክለብን የሚደግፉትን፣ አዲስ አበባ ያሉ የስፖርት ጋዜጠኞችንም ጠይቄያለሁ። "ሲኪ ማነው?" ነው መልሱ።

ሲኪ የሚለው ስም ራሱ ባለቤት ነበረው። ባትሊንግ ሲኪ ይባላል፤ በ1897 ሴኔጋል፣ ሴንት ሉዊ የተወለደ ቦክሰኛ ነው። መስከረም 24 ቀን 1922 ፓሪስ ላይ የፈረንሳዮቹን ጀግና ዦርዥ ካርፓንቲዬን ዘረረና የዓለም የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በማግስቱ ስሙ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ላይ ነበር፤ አብዛኞቹም ከጫካ እንደወጣ እንስሳ አድርገው ጻፉበት። ሰውየው ግን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ የተዋጋ ወታደር ነበር። በመጋቢት 1923 ደብሊን ላይ ቀበቶውን ተነጠቀ፤ በታኅሣሥ 1925 ኒው ዮርክ መንገድ ላይ ተገድሎ ተገኘ። ዕድሜው 28 ነበር።

ቤሪ መታገል የጀመረው ስሙ ገና ትኩስ በነበረበት በዚያ ዓመት ነው። እንግዲህ ስሙ ከሴኔጋል፣ አገሩ ከእኛ፣ ሰውየው ከካንሳስ ሲቲ።

ለምን በራሱ ስም አልታገለም? ይህን ለመረዳት የዚያን ዘመን አሜሪካ ትንሽ ማየት ያስፈልጋል። ጃክ ጆንሰን በ1908 መጨረሻ ሲድኒ ላይ ቶሚ በርንስን አሸንፎ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን የቦክስ ሻምፒዮን ሲሆን ነጭ አሜሪካ ተናወጠች። እስኪሸነፍ ድረስ ከስድስት ዓመት በላይ "ነጭ ተስፋ" ሲፈለግለት ኖረ። ከእሱ በኋላ አዘጋጆች ለሌላ ጥቁር ያንን ዕድል ላለመስጠት ማሉ፤ ጆ ሉዊስ በ1937 ሻምፒዮን እስኪሆን ድረስም ቃላቸውን ጠበቁ። በሬስሊንግ ነገሩ የባሰ ነበር። ቦክስ ውስጥ ቢያንስ ቡጢው ይፈርዳል። ሬስሊንግ ውስጥ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል፤ የሚወስነውም አዘጋጁ ነው። ጥቁር ታጋይ ጉልበቱ የቱንም ያህል ቢሆን ሻምፒዮን የሚሆነው ቢሮ ተቀምጦ ሲጋራ የሚያጨሰው ሰው ሲፈቅድ ብቻ ነው። በብዙ የአሜሪካ ደቡብ ከተሞች ደግሞ ጥቁርና ነጭ በአንድ መድረክ መያያዛቸው ራሱ ክልክል ነበር። አንድ ጥቁር ታጋይ የታላላቆቹን የሬስሊንግ ድርጅቶች የዓለም ሻምፒዮንነት ያለ ክርክር የጨበጠው ነሐሴ 2 ቀን 1992 ነው፤ ሮን ሲመንስ ይባላል፣ ቦልቲሞር ላይ። ቀኑን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስለዚህ ከካንሳስ ሲቲ የመጣ ጥቁር መድረክ ላይ ቢወጣ ተመልካቹ የሚያየው በየቀኑ ከአውቶቡስ ኋላ የሚያስቀምጠውን ሰው ነው። ከአቢሲኒያ የመጣ ጥቁር ግን ሌላ ነው፤ እንግዳ ነው፣ ተረት ነው፣ ትኬት የሚያስቆርጥ ነው። ከእሱ ጋር መያያዝ ከጎረቤት ጥቁር ጋር መያያዝ አይሆንም። ይህ ስሌት ይገርመኛል። ያው ሰው፣ ያው ቆዳ፣ ያው ክንድ፤ የተለወጠው አስተዋዋቂው የሚጠራው የአገር ስም ብቻ።

የአገራችንን ስም ለጨዋታ መጠቀም የተጀመረውም በቤሪ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ፊታቸውን አጥቁረው በባሪያዎች ዘፈንና ውዝዋዜ የሚያላግጡ የነጭ ቡድኖች ነበሩ። ከታወቁት አንዱ ራሱን "ኢትዮጵያን ሴሬናደርስ" ብሎ ሰይሞ በ1844 ዋይት ሀውስ ድረስ ገብቶ ተጫውቷል፤ ከዚያም ለንደን ተሻግሯል። ለእነሱ ኢትዮጵያዊ ማለት ጥቁር ማለት ነው፤ ካርታ አያስፈልገውም። በየካቲት 1910 ደግሞ አንድ የእንግሊዝ ወጣቶች ቡድን ፊቱን ቀብቶ፣ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ ጢም ለጥፎ "የአቢሲኒያ መሳፍንት ነን" በማለት ድሬድኖት የተባለውን የዘመኑን ኩራት የጦር መርከብ ጎበኘ። የባሕር ኃይሉ በክብር ተቀበላቸው፤ ማርሽ ተመታላቸው። ከ"መሳፍንቱ" አንዷ በኋላ ቨርጂኒያ ዎልፍ ተብላ ታላቅ ደራሲ የሆነችው ወጣት ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፤ ታመው አልጋ ላይ።

ቤሪን ከእነዚህ ጋር አልደምረውም። ጥቁር አሜሪካውያን የኢትዮጵያን ስም ሲያነሱ ሌላ ነገር ያነሳሉ። ከዓድዋ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኖቻቸው ውስጥ፣ በጥቁሮች መብት ተሟጋቹ በማርከስ ጋርቬይ ማኅበር ውስጥ፣ ኢትዮጵያ ያልተገዛች የጥቁር አገር ነበረች። ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ያለችው አቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን እንዲያውም የተመሠረተችው ከዓድዋም በፊት፣ በ1808 ነው። የጋርቬይ ማኅበር በ1920 ያጸደቀው መዝሙር በኢትዮጵያ ስም የተጻፈ ነው። አዘጋጁ የአቢሲኒያን ስም ቤሪ ላይ ሲለጥፍ ትኬት እያሰበ ነበር። መድረኩን ከሰገነት ላይ የሚያየው ጥቁር ተመልካች ግን ሌላ ነገር ሊሰማ ይችላል፤ ያልተገዛ ሰው ነጩን ሲያነሳ። አንዱ ስም ለሁለት ዓይነት ተመልካች ሁለት ዓይነት ዕቃ ነበር። ይህን ቤሪ የማያውቅ አይመስለኝም።

በ1935 የኢትዮጵያ ስም የጋዜጣ አርዕስት ሆነ። ሰኔ 25 ቀን ኒው ዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም፣ ጆ ሉዊስ ከጣሊያናዊው ግዙፍ ቦክሰኛ ፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተገናኘ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ልትወር ጦሯን በምታጓጉዝበት ወር ነበር፤ 60 ሺህ የሚጠጋው ተመልካች ያየው ሁለት ሰው ብቻ አይደለም። ሉዊስ በስድስተኛው ዙር ዘረረው። ሃርለም በደስታ አደረች። በመስከረም መጨረሻ ወራሪው መረብን ሊሻገር ተሰለፈ፤ ጥቅምት 3 ተሻገረ። ሚሲሲፒ ያደገው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን በዚያ ዓመት መጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላን አበረረ፤ ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ ሲያሠለጥን ኖሮ በ1954 አዲስ አበባ አረፈ። ካርኔራ ደግሞ፣ የሚገርመው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቦክሱን ትቶ አሜሪካ ውስጥ የሬስሊንግ ታጋይ ሆነ፤ ከቦክሱ የተሻለ ኑሮም ኖረበት።

ቤሪ በእነዚህ ዓመታት አውሮፓ ነው። አቢሲኒያዊ ተብሎ ይታገላል፤ አቢሲኒያ በጋዝ እየተቃጠለች ነው፤ ንጉሠ ነገሥቷ እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ተሰደው ተቀምጠዋል። በየምሽቱ የሌለችን አገር ስም ሲጠሩለት ምን ይሰማው እንደነበር የጻፈው ነገር እጄ ላይ የለም፤ ልቤ ግን እዚያ ላይ ይቆማል። የእኛ አባቶች በአርበኝነት ጫካ ሳሉ አንድ የካንሳስ ሲቲ ሰው በአውሮፓ መብራት ስር በስማቸው ይታገል ነበር። ውጊያው የውሸት ነው፤ ስሙ ግን የውሸት አልነበረም።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በታኅሣሥ 1941 አሜሪካ ከጀርመን ጋር ጦርነት ስትገባ ጀርመን በያዘችው ምድር የነበረ አሜሪካዊ ሲቪል ሁሉ የጠላት አገር ዜጋ ሆነ። ቤሪም ተይዞ ደቡብ ጀርመን፣ ባቫሪያ ውስጥ ወዳለው የሲቪል እስረኞች ካምፕ ተወሰደ። ላውፈንና ቲትሞኒንግ በሚባሉ ሁለት ከተሞች የነበረው ይህ ካምፕ በአሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ የተቋቋመ ነበር፤ ቲትሞኒንግ ላይ እስር ቤቱ ኮረብታ ላይ ያለ ጥንታዊ ግንብ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይገለበጣል። ያሳሰረው አቢሲኒያዊነቱ አይደለም። ጀርመኖቹ የፈለጉት ፓስፖርቱን ነው፤ ፓስፖርቱ ደግሞ አሜሪካዊ ይላል። አገሩ በሰላም ጊዜ ሙሉ ዜጋ አድርጋ አልቆጠረችውም፤ ጠላቷ ግን ቆጠረው። ሬጂናልድ ቤሪ ያለ ቅንፍ፣ ያለ "ግን"፣ አሜሪካዊ የተባለው ናዚ ጀርመን እስር ቤት ውስጥ ነው።

ብቻውንም አልነበረም። በዚያ ካምፕ ከታሰሩት ጥቂት ጥቁሮች መካከል በአምስተርዳም ክለቦች የታወቀው የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ፍሬዲ ጆንሰን ይገኝበታል፤ ሌላው ፒያኖ ተጫዋች ሄንሪ ክራውደርም እዚያ ታስሮ ነበር። ሱሪናም የተወለደውና የአሜሪካ ፓስፖርት የነበረው ሠዓሊ ጆሴፍ ናሲ ደግሞ በእስር ቤቱ ቀለምና ወረቀት አግኝቶ ከሁለት መቶ በላይ ሥዕሎች ሠራ። የሽቦ አጥር፣ የጥበቃ ማማ፣ በረዶ፣ የእስረኛ ፊቶች። ሥዕሎቹ ዛሬ ዋሽንግተን ባለው የሆሎኮስት ሙዚየም ይገኛሉ። የአውሮፓን መድረክ ያደመቁ ጥቁሮች አንድ ግንብ ውስጥ ተሰብስበው ነበር ማለት ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ፣ ሠዓሊው፣ "አቢሲኒያዊው"።

በ1944 በእስረኛ ልውውጥ ተለቀቀ። ወደ አሜሪካ ተመልሶ ብዙም አልቆየም፤ በ1948 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሞተ፤ ገና 49 አልሞላውም።

ስሙ ግን ከእሱ በኋላም ሲዞር ኖረ። በ1933 ቴክሳስ የተወለደ ሌላ ጥቁር ታጋይ ሬጂናልድ "ስዊት ዳዲ" ሲኪ ተብሎ ተነሳ፤ ፀጉሩን ነጭ ወርቅ አስመስሎ አቅልሞ ካናዳ ውስጥ ታላቅ ዝና አገኘ፤ ቶሮንቶ ቤቱ ሆነች። የሴኔጋሉ ወታደር ስም በካንሳስ ሲቲ በኩል አልፎ ቶሮንቶ ገባ። የአገራችን ስምም ሌላ ተረኛ አገኘ። ጆርጂያ ውስጥ ተወልዶ ጆርጅ ሃርዲሰን ተብሎ ያደገው ታጋይ ሲሊ ሳማራ በሚል ስም፣ ኢትዮጵያዊና የአፄ ኃይለ ሥላሴ የቀድሞ የክብር ዘብ ተብሎ ይተዋወቅ ነበር። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ድረስ ሄዶ ታግሏል። አንድ የክብር ዘብ አባል ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር አስቡት! የእኛዎቹ ኮሪያ ላይ ከልባቸው ተዋግተዋል፤ የጆርጂያው ልጅ በስማቸው ከሜልቦርን እስከ ኦክላንድ ሰው ይጥል ነበር።

ጨዋታው ዛሬም አላበቃም፤ አቅጣጫው ብቻ ይቀያየራል። ኮፊ ኪንግስተን የተባለው ታጋይ ጋና ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ነው፤ መጀመሪያ ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ግን ጃማይካዊ ተደርጎ በጃማይካ አነጋገር እንዲያወራ ተደረገ። እውነተኛ አፍሪካዊ ሌላ ጥቁር መስሎ ገባ ማለት ነው። በኋላ ጋናዊ መሆኑን ተናግሮ በሚያዝያ 2019 ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት አክራን ጎበኘ። አፖሎ ክሩስ ደግሞ አሜሪካ የተወለደ የናይጄሪያውያን ልጅ ነው፤ በ2021 የናይጄሪያ ልዑል ተደርጎ አነጋገሩን እያወፈረ፣ ጦር የያዙ ዘቦች እያጀቡት እንዲወጣ አደረጉት። ከኢትዮጵያን ሴሬናደርስ እስከዚህ ድረስ 180 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

እኛ ሆሳዕናዎች ይህን ነገር ከሌላው ቶሎ ልንረዳው የሚገባን ይመስለኛል። ከተማችን ራሷ ባለ ሁለት ስም ናት። ጥንት ዋቸሞ ነበረች፤ ሆሳዕና የተባለችው በራስ አባተ ዘመን፣ ከሆሳዕና በዓል ጋር ተያይዞ ነው፤ ዋቸሞ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ስም ሆኖ ቀርቷል። አያቶቻችን ራሳቸውን ሀዲያ ይሉ ነበር፤ ሌላው ሰው ግን ጉዴላ ይላቸው ነበር። ሰው ሌላው በሰጠው ስም ሲጠራ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። መታገልም እናውቃለን። የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ሲደርስ፣ የበዓሉ ምግብ አታካና ተበልቶ፣ ከብቶቹ መስክ ላይ ሲበተኑ፣ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ይያያዛሉ፤ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። አዘጋጅ የለውም። ቀድሞ የተወሰነ ነገር የለም። አያቱ ማንም ይሁን ማን የወደቀ ወደቀ ነው። ትግል በአገር አቀፍ ደረጃ ከሚካሄዱት የባህል ስፖርቶች አንዱ ነው፤ ቲቪ ላይ የሚያየው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ ልጆቻችን ዛሬም የሚያውቁት የአሜሪካ ሬስሊንግ ታጋዮቹን አንደርቴከርንና ጆን ሲናን ነው።

ወደ ውጭ ሄዶ በሌላ ስም መጠራትን ደግሞ ከሀዲያና ከከምባታ የበለጠ የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም። ከ2000 ግድም ጀምሮ የደቡብ አፍሪካ መንገድ ከተማውን ቀይሮታል። ከካናዳ የመጣ አንድ ሰባኪ ያን ሰሞን ሆሳዕና ላይ ቆሞ እግዚአብሔር የደቡብን በር ከፍቷል ብሎ ተንብዮ ነበር የሚለው ነገር እስካሁን በየቤቱ ይወራል፤ ተመራማሪዎችም ጽፈውበታል። ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ ወይም ሞዛምቢክ፣ ከዚያ ጆሃንስበርግ። የሄደው ቤት ሠራ፣ ወንድሙን ጠራ፣ ሠርግ ደገሰ። በመንገድ የቀረውም ብዙ ነው። በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ በኮንቴይነር ታፍነው የተገኙት 64 ሬሳዎች የኢትዮጵያውያን ነበሩ። በታኅሣሥ 2022 ሉሳካ ዳር መንገድ ላይ የተጣሉ 27 ሬሳዎች ተገኙ። በየጊዜው እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ሆሳዕናና ዱራሜ ስልኮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ።

የእኛ ካማላ ከደረሱት አንዱ ነው። ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሠፈር ብርድ ልብስና ጫማ በዱቤ እያዞረ ጀመረ፤ ዛሬ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለው፣ በብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦና የስልክ ካርድ ይሸጣል። ሁለት ጊዜ ተዘርፏል። እዚያ ስሙን የሚያውቅ የለም። ደንበኞቹ ሁሉ "ማይ ፍሬንድ" ነው የሚሉት። ከጎኑ ያለውን ሱማሌም "ማይ ፍሬንድ"፣ ከማዶ ያለውን ባንግላዴሻዊም "ማይ ፍሬንድ"። ኢትዮጵያዊ መሆኑን የሚያውቁት ሱቅ መዝረፍ ሲነሳ ብቻ ነው ይላል። የሰው አገር ስም የለበሰ ታጋይ ሜልቦርን ላይ በስማችን ጭብጨባ ሲቀበል የኖረበት ዓለም፣ የእኛን ልጅ በራሱ ስም አይጠራውም።

ባለፈው ደውዬ የሬጂናልድ ቤሪን ታሪክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ግንቡ ላይ ስደርስ "ወይኔ ወንድሜን!" አለ። ከዚያ ወሬው ወደ መጀመሪያው ካማላ ዞረ። ነሐሴ 29 ቀን 1992 ለንደን፣ ዌምብሌይ፣ 80 ሺህ ያህል ሰው ፊት ከአንደርቴከር ጋር የታገለውን ጨዋታ ሁለታችንም በዚያች ቪዲዮ ቤት አይተነዋል። ሮን ሲመንስ በራሱ ስም ሻምፒዮን ከሆነ 27 ቀኑ ነበር። ሃሪስ በመጨረሻ ዘመኑ በስኳር በሽታ ሁለት እግሮቹን እንዳጣ፣ በነሐሴ 2020 በኮሮና እንዳረፈ ስነግረው ብዙ ቆየ።

"ለዚያ ለለንደኑ ስንት ከፈሉት?" አለኝ በመጨረሻ።

ራሱ ሃሪስ ሲናገር የሰማሁትን ነገርኩት፤ 13 ሺህ ዶላር።

"ለአንደርቴከርስ?"

ግማሽ ሚሊዮን።

"ቆይ፣ ደንበኛ መጣብኝ" አለና ስልኩን ሳይዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከፍርግርጉ ወዲያ የሴት ድምፅ ሁለት ዳቦ ጠየቀ፤ ማይ ፍሬንድ አለችው።